የደም ግብር

ሚኖ ሞተች። ወሬው የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው፤ ልጇ አጭር ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር፣ በእንቅልፏ ነው የሄደችው፣ አልተሰቃየችም ይላል። ደብዳቤውን አጥፌ ከሙታኖቻችን መሠዊያ ሥር አስቀመጥኩና "በቃ፣ አሁን መናገር ትችያለሽ" አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ድሮም መናገር እችል ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አፌን የያዘኝ ሰው የለም፣ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ የሆነ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። ሂራታኒ በምትባል፣ በተራሮች መሀል የተወተፈች፣ ሠላሳ ቤት የማትሞላ መንደር ውስጥ እንኖራለን። ቤታችን ውስጥ አምስት ነን፤ እማዬ፣ ወንድሜ ቶኪጂ፣ ሚስቱ ሚኖ፣ ሰባት ወር የሆናት ልጃቸው ኩሜ፣ እና እኔ ኢሶ። አባቴንና ታላቅ ወንድማችንን እኔ በእማዬ ሆድ ውስጥ ሳለሁ ፈንጣጣ በአንድ ወር ጠርጓቸዋል። እማዬንና ቶኪጂን ለቀቃቸው፤ ፊታቸውን ግን እንዳይሆን አድርጎ ነው የለቀቃቸው። በመንደራችን ጉድጓድ የሌለበት ፊት ያለው ትልቅ ሰው ስለማይገኝ፣ ሰው ሲያድግ ፊቱ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ኩሜ የእኔ ነበረች። ማለቴ፣ የወለደቻት ሚኖ ናት፤ ግን ከንጋት እስከ ምሽት እኔ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው የምትውለው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ጠንከር ካለች ወዲያው ሕፃን ትሸከማለች። ለሃጯ በአንገቴ ይወርዳል፣ ጸጉሬን ትነጫለች፣ ስትስቅ ሆዷ ጀርባዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። እስከ ዛሬ ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚበርደኝ ጀርባዬ ነው።

ያ ዓመት ሁሉም ነገር የተገለባበጠበት ዓመት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሩን ዘግቶ የኖረ አገር በሩን ከፈተ፣ የገባው ነፋስ ደግሞ ቤቱን በሙሉ አመሰቃቀለው። የአካባቢያችን ባላባት ግንብ ፈርሶ እንጨቱ ለማገዶ ተሸጠ። ሁለት ሰይፍ ታጥቀው መንገድ ያስለቅቁን የነበሩት ሰዎች ገበያ ላይ ጃንጥላ እየጠገኑ ታዩ። መንግሥት የቀን አቆጣጠሩን ለወጠና አንድ ወር ሙሉ ዋጠብን፤ የዓመቱ መጨረሻ ወር ገባ ብለን ሳንጨርስ አዲስ ዓመት ሆኗል ተባልን። በዚህ ላይ ጸጉርን አናት ላይ መቋጠር ኋላ ቀርነት ነው የሚል ትእዛዝ መጣ። በዚህ በዚህ የመንደሩ ጸጉር ሠሪ ጋሽ ጎሄይ ሊያብድ ምንም አልቀረውም።

"ሰዉ ሁሉ ጸጉሩን ቆርጦ ከጨረሰ እኔ ምን ልቋጥር ነው? የፈረስ ጭራ?" ይላል። ሰው ይስቃል። እሱ አይስቅም።

ሌላው የመንግሥት ወረቀት የተነበበው ማሳው ውሃ በሚሞላበት፣ የሩዝ ችግኝ በሚተከልበት ሰሞን ነው። የመንደሩ ሹም በቤተ መቅደሱ ግቢ ሰብስቦን አንገቱን አስግጎ ያነባል። ቋንቋው የከተማ ባለሥልጣን ቋንቋ ነው፤ ከአሥር ቃል አንዱ ነው ለሰዉ የሚገባው። ጎረምሳ ሁሉ ወታደር ይሆናል፣ ድሮ ባለ ሰይፍ ብቻ ይሠራው የነበረውን አሁን ገበሬም ይሠራዋል፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። እዚህ ድረስ ሰው እያዛጋ ነበር። ከዚያ ሹሙ "ሰው ሁሉ በደሙ የአገሩን ውለታ ይመልሳል፤ የምዕራብ ሰዎች ይህንን የደም ግብር ይሉታል" ብሎ አነበበ።

"የምን?" አለ ጋሽ ጎሄይ ከኋላ።

"የደም ግብር።"

"የደም?"

"የደም ይላል" አለ ሹሙ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ። እሱም ራሱ ገብቶት ነበር ብዬ አላምንም። ንባቡን ቀጠለ፣ ግን ማን ይስማው። ግቢው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ጀመር።

እኔ ግብር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በየመኸሩ የባላባቱ ሰዎች መጥተው ሩዛችንን በእንጨት ሣጥን እየሰፈሩ ሲወስዱ አይቻለሁ። እንግዲህ ደምም በሣጥን ይሰፈራል ማለት ነው አልኩ በልቤ። የእኔ ደም ስንት ሣጥን ይሞላ ይሆን? ኩሜማ ግማሽም አትሞላ።

በማግስቱ ጋሽ ጎሄይ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የቶኪጂን ጸጉር በዘይት እያሸ ያወራል። እኔ ኩሜን አዝዬ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

"ወታደር የሚሉት ማታለያ ነው" አለ። "ነጭ የለበሰ ሰው ይልካሉ። ሰዉን በእግሩ ይሰቅሉና ጠብታ ሳያስቀሩ ይጨምቁታል። የባሕር ማዶ ሰዎች ወደቡ ላይ በብርጭቆ ቀይ ነገር ሲጠጡ የአክስቴ ልጅ በዓይኑ በብረቱ አይቷል።"

"የወይን ጠጅ ነው ይላሉ" አለ ቶኪጂ።

"ይላሉ! የወታደሮቹስ ብርድ ልብስ ለምን ቀይ ሆነ? በምን የተነከረ ይመስልሃል?"

ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም። እመኑኝ አልልም፣ ግን አልነበረም። ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚለምን ሰው ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሚስት አለው፣ ሕፃን አለው፣ ፈርቷል። ሌላ ምንም የለም።

"ሕፃናትስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ግብር መቼ ሰው መርጦ ያውቃል?" አለ ጋሽ ጎሄይ፣ ጸጉሩንም በክር ጥፍር አድርጎ አሰረለት።

ቶኪጂ ከሰል ሊያከስል ተራራ በወጣ ማግስት፣ ሐኪም ሹንታይ ቤታችን መጣ። በዝናብ ነው፣ ደግሞም በጓሮ በር። እማዬ በሩን ከፍታ ግራና ቀኙን አየችና እጁን ይዛ ሳበችው። መላጣ ሽማግሌ ነው፣ ጢሙ እንደ ፍየል ጢም የተንጠለጠለ። የገለባ ካባውን አውልቆ ግድግዳው ላይ ሲሰቅል ከውስጥ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተና የብርጭቆ ብልቃጥ አወጣ።

ልሮጥ ስል እማዬ ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

"ምነው የኔ እመቤት፣ መልኬ አስጠላሽ?" አለ ሐኪሙ።

"ለምንድን ነው ነጭ የለበሱት?" አልኩት።

"እድፌ እንዲያሳብቅብኝ ነዋ! ጥቁር የለበሰ ሐኪም ካየሽ አምልጪ፣ እሱ እጁን አይታጠብም።" ሳቀ። "ይሄ የማደርግልሽ ነገር መጀመሪያ ከላም የተገኘ ነው።"

"ቀንድ ያበቅላል?"

"ካበቀለ ጥሩ፤ አንዱን ለእኔ ትሰጪኛለሽ። አታዪም፣ አናቴ ላይ ምንም አልቀረኝም።"

እማዬ ሳቀች። እማዬ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነበር፣ እኔ ግን እሱም አስፈራኝ። እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን ያዘችለት። በትንሽ ስለት ሦስት ጊዜ ጫረኝ። ብዙ አላመመኝም፤ ግን ደም ወጣ፣ ቀጭን ቀይ መስመር። እሱም ያንን ደም በነጭ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን አጣጥፎ ወደ ሣጥኑ ከተተው። በዓይኔ አየሁ። ደሜን ወሰደ።

ከዚያ "ሂጂ ኩሜን እሹሩሩ በያት" ተብዬ ክፍሉን ከሚለየው የወረቀት መጋረጃ ኋላ ሄድኩ። ጆሮዬን ግን እዚያው ትቼው ነው የሄድኩት።

"... ለዛሬ ይሄ ይበቃል" ይላል ሐኪሙ። "በስምንተኛው ቀን ጠዋት እመጣለሁ። ያኔ ከእሷ በደንብ እወስዳለሁ።"

"ለአሥራ አራቱም ይበቃል?" ትላለች እማዬ።

"ልጅቷ ጤነኛ ናት። ይበቃል። ብቻ እንዳትነካካው ጠብቂያት።"

ዛሬ ይሄ ነገር ልጆች የሚስቁበት ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰለፋሉ፣ ነጭ የለበሰች ነርስ ክንዳቸውን ትጭራለች፣ እናቶቹ የሚያጉረመርሙት ሰልፉ ስለረዘመ ብቻ ነው። ያኔ ግን በተራራው አካባቢ የፈንጣጣ ክትባት ዘር የሚገኘው በሰው ገላ ላይ ነበር። ሐኪም ሹንታይ በወጣትነቱ፣ አገሩ ዝግ ሳለ፣ የባሕር ማዶ ሰው ይገባባት በነበረችው በአንዲቷ ወደብ ከሆላንዶች ተምሮ የመጣ ሰው ነው። በእጁ የቀረው ለአንድ ልጅ የሚበቃ የደረቀ ቅርፊት ብቻ ነበር። ኩሜን ሳል ይዟታል፤ ስለዚህ እኔ ላይ ተከለው። በስምንተኛው ቀን የተጫረው ቦታ ንጹሕ ውሃ ይቋጥራል፤ ያ ውሃ ነው ዘሩ። ከእኔ ክንድ ተወስዶ ለኩሜና በድብቅ ለተስማሙ እናቶች ልጆች ሊሰጥ ነው። ሰባተኛው ቀን ጥሬ ነው፣ ዘጠነኛው ይበላሻል። እኔ ማሳ ነበርኩ ማለት ነው። ይሄን ለእኔ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ ለልጅ ማስረዳት የሚባል ነገር በእኛ ቤት አልተለመደም።

እማዬ ማታውን ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ "ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ። "የላም በሽታ ልጄ ላይ አይደረግም ብሏል። ከሰማ አለቀልን። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ። ምንም አልገባኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ሴቶች እንደ ጉድ ይወዱኝ ጀመር። ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ይጠሩኝና ዙሪያቸውን ገላምጠው እጅጌዬን ገለጥ ያደርጋሉ። "ተመስገን፣ ይዟል" ይላሉ። "እንዳታኪው፣ የኔ ወርቅ።" አንዷ በስኳር የተቀቀለ ባቄላ ታጎርሰኛለች፣ አንዷ ፐርሲሞን የሚባል የደረቀ ጣፋጭ ፍሬ እጄ ላይ ታስቀምጣለች። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፋጭ በልቼ አላውቅም። ለአዲስ ዓመት የሚታረድ ዓሣ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚቀለበው። ክንዴ ላይ ሦስት ቀያይ እብጠቶች ወጡ። ያብጣሉ፣ ይሞቃሉ። ደሜ እየተጠራቀመ ነው አልኩ።

በሰባተኛው ቀን እማዬና እትዬ ሚኖ ጓሮ ጎመን እየቆረጡ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"መጀመሪያ ኢሶን፣ ከዚያ ኩሜን፣ ከዚያ የሌሎቹን" አለች እማዬ።

"ቶኪጂ ቢመጣስ?" አለች እትዬ ሚኖ። ድምፅዋ ፈራ ተባ ይላል።

"ነገ ጠዋት በተራራው ላይ ነው። እስኪመለስ አልቆ ይጠብቀዋል።"

ኩሜ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፤ ትንፋሽዋ ማጅራቴን ያሞቀዋል። እኔን ይውሰዱኝ፣ እሺ። ግን ኩሜ ግማሽ ሣጥን እንኳ አትሞላም። አንድ ጊዜ ቢቀዱባት ባዶ ትቀራለች። ሳላስበው እግሬ ወደ ተራራው መንገድ መሮጥ ጀመረ።

ቶኪጂን ከጥድ ዛፎቹ ሥር አገኘሁት። ዝናቡ ከሰሉን ስላበላሸበት አንድ ቀን ቀድሞ እየወረደ ነበር። ፊቱ ጥቀርሻ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ።

"እናንተ ሁለት አይጦች፣ ልትቀበሉኝ መጣችሁ?" አለ እየሳቀ።

"ወንድም ጋሼ፣ ነጭ የለበሰው ሰው ነገ ይመጣል" አልኩት። "የእኔን ትንሽ ወስዷል። ነገ ኩሜን ሊወስዳት ነው። አሥራ አራት ልጆች ናቸው። እማዬ እሺ ብላዋለች።"

እጅጌዬን ገለጥኩለት። ሦስቱን እብጠቶች ሲያይ ከጥቀርሻው ሥር ፊቱ አመድ ሆነ። የተሸከመውን ጣለና ኩሜን ከነመታዘያዋ አውርዶ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ነቅታ አለቀሰች።

"ለእኔ በመንገርሽ ደግ አደረግሽ" አለኝ። "አንቺ ጀግና ነሽ፣ ኢሶ። አሁን ወደ ቤት ሂጂ፣ እኔን አላየሽኝም።"

ኩሜን መልሶ ጀርባዬ ላይ አሰረልኝ፤ እሱ ግን ወደ ቤት አልመጣም። ወደ ጋሽ ጎሄይ ቤት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ኩሜን ለእትዬ ሚኖ ሰጥቼ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቶኪጂ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ምንም ሳይል አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። አባት ስላልነበረኝ በሰው ትከሻ ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መንደሩ በሙሉ ከሥሬ ሆነ፤ ማሳው ሰማዩን ይዞ ያብረቀርቃል። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ድልድዩ ላይ አርባ የሚሆኑ ወንዶች የቀርከሃ ጦር ይዘው ቆመዋል። ሐኪም ሹንታይ ከማዶ ብቻውን መጣ፣ ነጩን ለብሶ፣ ሣጥኑን በጀርባው አዝሎ። ሕዝቡን ሲያይ ቆም አለ፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

"ምነው ሰዉ በዛ? እናንተም ልትከተቡ ነው?"

የሳቀ የለም።

"እሱ ነው?" አለኝ ቶኪጂ።

"እሱ ነው" አልኩ። ጣቴንም ዘርግቼ አመለከትኩ።

"ኢሶ!" አለ ሽማግሌው ቀና ብሎ። "ክንድሽስ? ውሃ ቋጠረ?"

"ሰማችሁ!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ጎሄይ። "በገዛ አፉ ጠየቃት!"

ቶኪጂ ከትከሻው አወረደኝና ወደ ኋላ ገፋኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የወንዶች እግርና ጭቃ የጠገበ ጫማ ብቻ ነው። የሐኪሙን ድምፅ ግን ሰማሁት፤ መጀመሪያ ረጋ ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፣ ስለ ላም፣ ስለ ዘር፣ ማንም አልሰማውም። ከዚያ ጮኸ።

"እሺ፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ! ግን መጀመሪያ ከልጅቷ ልውሰድ! ሻይ እስኪፈላ ብቻ ታገሡኝ! ዛሬ ካልሆነ አይሆንም፣ ነገ የለም!"

ሊሞት ነው፣ አሁንም ደሜን አልተወም ብዬ ጠላሁት። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት የለመነው ለእኛ እንደነበር የገባኝ በስንት ጊዜዬ ነው። ከዚያ ቀርከሃ ከቀርከሃ ሲጋጭ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ ድንጋይ ላይ ሲሰበር። ነጭ ጨርቅ በወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ሄደ። የቤተ መቅደሱ ደወል የተደወለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለምን እንደተደወለም የሚያውቅ አልነበረም።

እማዬ እየሮጠች መጣች፣ በባዶ እግሯ። መሬት ላይ ያለውን አየች፣ አላለቀሰችም። ዞር ብላ እኔን ፈለገችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ። "መርፌ! ሚኖ፣ መርፌ አምጪ፣ ልጅቷን አቅርቢ!" ትላለች። መርፌውን እሳት ላይ ታሳያለች። ያኔ ቶኪጂ ገባ። ልብሱ ረጥቧል። እናቱ መርፌ ይዛ እኔ ላይ ስትመጣ አየ፤ ሚኖ ኩሜን ገልጣ አቅርባለች።

"እማዬ አብደሻል!" ብሎ ነጠቃት።

እኔን እቅፍ አድርጎ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠኝ። እኛ ዘንድ ደረቅ ቅጠል አድቅቀው ገላ ላይ ያደርጉና በእሳት ይተኩሱታል፣ ለሁሉም በሽታ። ሦስቱም እብጠቶች ላይ ቅጠሉን ከመረና ለኮሰው። "አይዞሽ፣ የኔ ጀግና፣ መርዙ እየወጣ ነው" ይለኛል፤ እኔ ስጮህ እሱም አብሮኝ ያለቅሳል። የተቃጠለ ቆዳና የቅጠሉ ጭስ ቤቱን ሞላው። ሚኖ ኩሜን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ "አሥራ አራት ልጅ ገደልክ" አለችው። "አሥራ አራት።"

አሥራ አራት? ገረመኝ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው የሞተው።

ወታደሮቹ በአምስተኛው ቀን መጡ። ቀይ ብርድ ልብስ ተሸክመዋል፤ አጭር ጸጉር ያላቸው የገበሬ ልጆች፣ አንዱ እንደ እኛ ነበር የሚናገረው። ቶኪጂንና ጋሽ ጎሄይን ሌሎችንም አስረው ወሰዷቸው። ጋሽ ጎሄይ እስር ቤት ታሞ ሞተ። የቶኪጂ አንገት የተቆረጠው ቅጠል በሚረግፍበት ወር ነው። ሰውየው እንደሚመጣ ማን ነገረህ ሲሉት "ራሴ አየሁት" ብሎ ነው የሞተው። የእኔን ስም አላነሳም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ አስተማሪ አግብቼ ከተማ ስኖር፣ ባሌ የዚያን ወረቀት ግልባጭ አገኘና አነበበልኝ። ከታች በኩል፣ የደም ግብር ከሚለው ቃል አልፎ፣ ወታደር የማይሆኑት ሰዎች ተዘርዝረዋል፤ የቤት አባወራ የሆነ፣ ለእናቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ የሆነ። ቶኪጂ ሁለቱንም ነበር። ሹሙ ይሄንንም አንብቦት ይሆናል። እኛ አልሰማነውም።

እማዬ ከቶኪጂ ሞት በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። አንድ ቀን ከምድጃው አጠገብ ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"ቶኪጂ ተራራ ላይ ነበር። ማን ነው የነገረው? ሚኖ ናት፣ አይደል? ሄዳ የነገረችው ሚኖ ናት?"

ያን ቀን የእማዬን ዓይን ያየ ሰው ይፍረድብኝ። እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንዲህ፣ አገጬን ወደ ታች።

ሚኖ በዚያው ቀን ልብሷን በጨርቅ አስራ ወደ ወላጆቿ ተባረረች። ልጅ የአባት ቤት ናትና ኩሜ ቀረች። "እኔ አልነገርኩም! እማዬ፣ በሙታኖቼ ይዤዎታለሁ፣ አልነገርኩም!" እያለች ከአጥሩ ውጭ ስትጮህ እኔ ኩሜን አዝዬ ጓሮ ቆሜ ነበር። ኩሜ ድምፅዋን ሰምታ ተንጠራራች።

ፈንጣጣው በረዶው ሲቀልጥ መጣ። ቀይ ወረቀት በየበሩ ተሰቀለ፣ ቀይ ልብስ ተለበሰ፣ ለፈንጣጣው አምላክ ቀይ ሩዝ ተቀቀለ፤ ምንም አልሠራም። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ሞቱ። ባቄላ ያጎረሰችኝ ሴት ሁለቱንም ልጆቿን ቀበረች። ኩሜ ስድስት ቀን ታመመች። ማንም መንካት ሲፈራ እኔ ነበርኩ የማዝላት፤ ትኩሳቷ በልብሴ አልፎ ያቃጥለኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሚኖ ጭቃውን አቋርጣ መጣች። በሩን ደበደበች። እማዬ መወርወሪያውን እንዳደረገች አልከፈተችም፣ "ልጅሽን ራስሽ ነሽ የገደልሻት" አለቻት በበሩ ቀዳዳ። ኩሜ በማግስቱ ጀርባዬ ላይ ሞተች። ቀዝቀዝ ስትል ተሻላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔን አንዲት ብጉር እንኳ አልወጣችብኝም። መንደሩ "የፈንጣጣው አምላክ ወዷታል" አለ። እማዬ ግን ክንዴን ታያለች። እሳቱ ዘሩን ገደለ እንጂ ሥራውን አላጠፋውም፤ በስምንት ቀን ውስጥ ለእኔ የሚያደርገውን ጨርሶ ነበር። በሂራታኒ ያ የደም ግብር ያልነካው ሕፃን እኔ ብቻ ነኝ።

እማዬ ስትሞት ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሚኖ ለቀብር መጣች። ሌላ ባል አግብታ ልጆች ወልዳለች፣ ጸጉሯ ጫፍ ጫፉ ሸብቷል። እንግዳው ሁሉ ሲወጣ ሻይ አቀረብኩላት፣ አልጠጣችም።

"ክንድሽን ታሳዪኛለሽ?" አለችኝ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሦስቱን የእሳት ጠባሳዎች በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው፤ እጇ ሻካራ ነው፣ የገበሬ እጅ።

"ኢሶ፣" አለች፣ "እናትሽ እኔ ነገርኩት ብላ አምና ሞተች። የመንደሩ ሰው እንደዚያ ያምናል። የራሴ እናት እንኳ እንደዚያ ታምን ነበር። አንዳንዴ ሌሊት ሳስበው፣ ሳላውቅ አምልጦኝ ይሆን እንዴ እላለሁ። ግን አልነገርኩም። ያን ሰሞን ቶኪጂን ጨርሶ አላየሁትም። እመኚኝ፣ አልነገርኩም።"

አፌን ከፈትኩ። በዚያች ሰዓት ልነግራት እችል ነበር፤ ከእኔና ከእሷ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም፣ እማዬ ሞታለች፣ የምፈራው አልነበረም።

"አምንሻለሁ" አልኳት።

ሚኖ እጇን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ግንባሯ ወለሉን እስኪነካ ጎንበስ አለች። ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት።

"አመሰግንሻለሁ" አለች፣ ቀና ሳትል። "በዚህ ሁሉ ዘመን ያመንሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"